ሐረጎን በስንት ሰዓት እወጣለሁ?

ክረምቱ ወጣ፣ የደሴም ጭቃ ደረቀ። ማለዳ በሆጤ በኩል ሳልፍ ሶምሶማ የሚሮጠው ሰው በዝቷል። የዚህ ወር ደብዳቤዎቻችሁም የሚያወሩት ስለዚሁ ነው። ስንት ልሩጥ? ስንት ልረፍ? ስንት እርምጃ ልሂድ? ዳገቱ ስንት ሰዓት ይፈጅብኛል? የሁሉም መልስ ያለው በልጅነታችን በተማርነው የንጥጥርና የወደር ትምህርት ውስጥ ነው፤ ንጥጥር ሁለት መጠኖችን ማነጻጸር ነው፣ ወደር ደግሞ የሁለት ንጥጥሮች እኩልነት።

ይህን ትምህርት ደሴ ውስጥ ለብዙ ዓመታት አስተምሬዋለሁ። ከሒሳብ ሁሉ ለኑሮ የቀረበው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የሚያሳዝነኝ፣ አብዛኛው ሰው ከትምህርቱ ይዞ የቀረው «በመስቀለኛ አባዛ» የሚለውን ብቻ መሆኑ ነው። ከማባዛቱ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ። አንዱ እጥፍ ሲሆን ሌላውም በእርግጥ እጥፍ ይሆናል ወይ? ካልሆነ ማባዛቱ የትም አያደርስም። ይህችን ጥያቄ ይዘን ወደ ደብዳቤዎቹ እንግባ።

ጥያቄ፦ «ሰላም ቲቸር። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የምሠራ የ29 ዓመት ወጣት ነኝ። ሜዳ ላይ 5 ኪሎ ሜትር በ30 ደቂቃ እሮጣለሁ። ከኮምቦልቻ ደሴ በሩጫ እገባለሁ ብዬ ከጓደኞቼ ጋር ተወራርጃለሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አስልቼ ሁለት ሰዓት ተኩል ስላቸው ሳቁብኝ። ስሌቴ ምኑ ላይ ነው የተሳሳተው?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማባዛትህ ላይ ምንም ስህተት የለም። 5 ኪሎ ሜትር በ30 ደቂቃ ማለት አንዱ ኪሎ ሜትር በ6 ደቂቃ ነው። 25 ጊዜ 6፣ 150 ደቂቃ። ፈተና ላይ ቢመጣ ሙሉ ነጥብ እሰጥህ ነበር። መንገዱ ላይ ግን አይሠራም። ምክንያቱ ሁለት ነው።

የመጀመሪያው ድካም ነው። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2004 ሄንግሎ ላይ 5,000 ሜትርን በ12 ደቂቃ ከ37.35 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። በቀጣዩ ዓመት ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ጨረሰ። ይህም ክብረ ወሰን ነበር። አሁን አስተውል። ርቀቱ በትክክል እጥፍ ነው። በአንተ ስሌት ከሄድን 10,000 ሜትሩ በ25 ደቂቃ ከ14.70 ሰከንድ ማለቅ ነበረበት። እሱ ግን ከዚያ በላይ 1 ደቂቃ ከ2.83 ሰከንድ ፈጀበት። ያውም ቀነኒሳ! ያውም በዚያ ብቃቱ፣ በትራክ ላይ፣ ያለ አንዲት ዳገት።

ርቀት እጥፍ ሲሆን ጊዜ ከእጥፍ ያልፋል ማለት ነው። በስንት ያልፋል? ፒተር ሪግል የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1977 ለሯጮች ቀመር አወጣለት። ራሱም ሯጭ ነበር። ሐሳቡን ባጭሩ ልንገርህ፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜውን በ2 ሳይሆን በ2.085 ገደማ ታባዛለህ። እስቲ የቀነኒሳን 5,000 ሜትር በዚህ አባዛው። 26 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ ይመጣልሃል። ከእውነተኛው ሰዓቱ የሚለየው በአንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ ነው። ይህን ስሌት ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል።

ወደ አንተ እንመለስ። 5 ኪሎ ሜትር በ30 ደቂቃ ከሆነ፣ 10 ኪሎ ሜትር 62 ደቂቃ ተኩል ይሆናል። 20 ኪሎ ሜትር 130 ደቂቃ ይሆናል። 25 ኪሎ ሜትሩ በቀመሩ 165 ደቂቃ ነው፤ ሁለት ሰዓት ከ45። አንዱ ኪሎ ሜትር በ6 ደቂቃ መሆኑ ቀርቶ በ6.6 ደቂቃ ሆነ ማለት ነው። ይህም መንገዱ ሜዳ ቢሆንና አንተም ለረጅም ርቀት ተለማምደህ ብትነሳ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለው የሐረጎ ዳገት ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ደሴ 2,500 ገደማ ላይ ናት። 650 ሜትር ትወጣለህ። 650ን ለ25 ብታካፍለው በአንድ ኪሎ ሜትር 26 ሜትር ይደርስሃል። ወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው። ግን ዳገቱ በ25ቱ ኪሎ ሜትር ላይ እኩል ተከፋፍሎ አልተቀመጠም። እግርህ የሚወጣው አማካዩን አይደለም፤ ሐረጎን ነው። ከፍ ባልክ ቁጥር አየሩም ይሳሳል።

ስለዚህ የራስህን የዳገት ንጥጥር ፈልግ። ከውርርዱ በፊት አንድ ቀን ወደ ሐረጎ ሂድና አንድ ኪሎ ሜትር ዳገት በስልክህ ለክተህ ሩጥ። 9 ደቂቃ ፈጀብህ እንበል። ሜዳ ላይ 6 ነበርክ። 9 ለ6፣ ማለትም 3 ለ2። ዳገት ላይ ያለው እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የሜዳውን አንድ ጊዜ ተኩል ይወስድብሃል።

አሁን መንገዱን ለሁለት ክፈለው። ለምሳሌ ያህል 10 ኪሎ ሜትሩ እንዲህ ያለ ዳገት ነው እንበል። ትክክለኛውን ካርታ ላይ ለካው። 15 ኪሎ ሜትር ጊዜ 6.6፣ 99 ደቂቃ። ዳገቱ 10 ጊዜ 6.6፣ 66 ደቂቃ፤ እሱን በአንድ ተኩል ስታባዛው 99 ደቂቃ። በድምሩ 198 ደቂቃ። ሦስት ሰዓት ከ18። ልብ በል፤ አስሩ ኪሎ ሜትር ዳገት የአሥራ አምስቱን ኪሎ ሜትር ሜዳ ያህል ጊዜ በላ።

ስለዚህ ለጓደኞችህ «ሦስት ሰዓት ተኩል» በላቸውና ውርርዱን አስተካክል። አንድ ነገር አደራ። መንገዱ የከባድ መኪና መንገድ ነው። በግራ ጠርዝ፣ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያየህ ሩጥ። በጨለማ አትነሳ።

ጥያቄ፦ «ከደሴ፣ ከሸዋ በር ነን። እኔና ወንድሜ እሑድ እሑድ በጦሳ አቅጣጫ 3 ኪሎ ሜትር ዳገት ወጥተን በዚያው እንመለሳለን። ስንወጣ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር፣ ስንወርድ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ነው ፍጥነታችን። ወንድሜ አማካዩ 9 ነው ይላል። ሰዓቴ ግን 8 ይለኛል። ሰዓቱ ተበላሽቶ ይሆን?»

መልስ፦ ሰዓቱ ደህና ነው፤ አትሽጠው። ወንድምህ ያደረገው ብዙ ሰው የሚያደርገውን ነው። 6 እና 12ን ደምሮ ለ2 አካፈለ። 9 መጣለት። ይህ ልክ የሚሆነው በሁለቱም ፍጥነት እኩል ደቂቃ ብትሮጡ ነው። እናንተ እኩል የሮጣችሁት ኪሎ ሜትሩን ነው እንጂ ደቂቃውን አይደለም።

ደቂቃውን እንቁጠር። 3 ኪሎ ሜትር በሰዓት 6 ሲወጣ ግማሽ ሰዓት ነው። 3 ኪሎ ሜትር በሰዓት 12 ሲወረድ ሩብ ሰዓት ነው። የመውጫውና የመውረጃው ጊዜ 30 ለ15፣ ማለትም 2 ለ1 ነው። በዝግታ የቆያችሁበት ጊዜ በፍጥነት የቆያችሁበትን እጥፍ ነው። ታዲያ አማካዩ ወደ ዝግታው ማዘንበሉ ምን ይገርማል? በጠቅላላ 6 ኪሎ ሜትር በ45 ደቂቃ። በ15 ደቂቃ 2 ኪሎ ሜትር፣ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር።

አሁን ለወንድምህ ይህን ጥያቄ ስጠው። «ስንወጣ በሰዓት 6 ከወጣን፣ አማካያችን 12 እንዲሆን ስንወርድ በስንት እንሩጥ?» ቶሎ ብሎ 18 ይልሃል። 6 እና 18 ተደምሮ ለሁለት 12 ነዋ። አስቆጥረው። የደርሶ መልሱ 6 ኪሎ ሜትር በሰዓት 12 ቢሮጥ የሚፈጀው 30 ደቂቃ ነው። 30ውን ደቂቃ ደግሞ ስትወጡ ጨርሳችሁታል። ለመውረጃ የቀረ ሰከንድ የለም። ብትበሩም አትደርሱበትም።

እንደኛ ተራራ ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቁልቁለቱ ዳገቱ የወሰደውን አይመልስም። ሁለት ሰዎች አንዱ ሜዳ ላይ፣ ሌላው ተራራ ላይ ሮጠው «እኩል ሮጥን» ሲባባሉ ይህን ሳያስቡ ነው። ስለዚህ ፍጥነትን ከመደመር ታቀቡ። ኪሎ ሜትሩን ለብቻ ደምሩ፣ ደቂቃውን ለብቻ ደምሩ፣ ከዚያ አካፍሉ። ሁልጊዜ ይሠራል። ስትወርዱም በሰዓት 12 ለጉልበት ከባድ ነው፤ አጠር አጠር ባለ እርምጃ ውረዱ።

ጥያቄ፦ «ቲቸር እንደምን ነዎት። የወልድያ ተማሪ ነኝ፤ ዘንድሮ ሚኒስትሪ እፈተናለሁ። የስፖርት መምህራችን "ሩጫና እረፍት 1 ለ2፣ በጠቅላላ 36 ደቂቃ" ብሎ አዘዘን። እኔ 36ን ለ2 አካፍዬ 18 ደቂቃ መሮጥ ነው አልኩ። ጓደኛዬ 12 ነው አለች። ማናችን ነን ልክ?»

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ልክ ጓደኛሽ ናት። ግን አብሽሪ፤ ይህ ስህተት ከንጥጥር ስህተቶች ሁሉ የተለመደው ነው። ዛሬ ካስተካከልሽው ፈተና ላይ አያስቸግርሽም።

ወረቀት አውጪና ሦስት እኩል ሳጥኖች ጎን ለጎን ሣይ። አንዱ ላይ «ሩጫ» ብለሽ ጻፊ። ሁለቱ ላይ «እረፍት» በይ። መምህርሽ 1 ለ2 ያለው ይህን ነው። ሁለቱ የእረፍቱ ድርሻ ነው እንጂ የጠቅላላው አይደለም። ጠቅላላው 1 ሲደመር 2፣ ሦስት ሳጥን ነው። 36 ለ3 ሲካፈል እያንዳንዱ ሳጥን 12 ደቂቃ ይይዛል። ሩጫው 12፣ እረፍቱ 24።

መልስሽን ራስሽ አረጋግጪ። 12 ለ24 ሲቀል 1 ለ2 ነው? ነው። ያንቺን 18 እናረጋግጥ። 18 ከሮጥሽ የሚቀርሽ እረፍት 18 ነው። 18 ለ18፣ ማለትም 1 ለ1። መምህርሽ ያዘዘው ይህን አይደለም። መልስን መልሶ መፈተሽ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ፈተና አውጪዎችም 18ን ከምርጫዎቹ መሐል ማስገባት ይወዳሉ፤ ስለሚያውቁሽ ነው።

አሁን ወደ ሜዳው እንውሰደው። 12 ደቂቃ በአንድ ትንፋሽ ሩጪ ማለቱ አይመስለኝም። አንዱ ሩጫ 45 ሰከንድ ከሆነ እረፍቱ 90 ሰከንድ ነው። አንድ ዙር 135 ሰከንድ። 36 ደቂቃ 2,160 ሰከንድ ነው። 2,160 ለ135፣ 16 ዙር። 16 ጊዜ 45 ሰከንድ ስንት ነው? 720 ሰከንድ፣ 12 ደቂቃ። በሁለት መንገድ ሄደን አንድ ቦታ ደረስን። ሒሳብ ሲያምር እንዲህ ነው።

አንድ ልማድ ያዢ። ቁጥርን ያለ ስሙ አትጻፊ። «1 ለ2» ብለሽ አትተዪው፤ «1 ሩጫ ለ2 እረፍት» በይ። ስሙን ከጻፍሽ 2ቱን ከጠቅላላው ጋር አታምታቺውም።

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከሐይቅ ነው። ሐኪም በየቀኑ በእግር እንድሄድ ስለመከረኝ ከ10 ዓመት ልጄ ጋር እየዞርን እንመለሳለን። የኔ ስልክ 10,000 እርምጃ ሲል አክስቱ ከጅዳ የላከችለት ሰዓት 12,500 ይላል። እጁን ይዤው ጎን ለጎን ሄደን እንዴት ይለያያል? ደግሞስ 10,000 እርምጃ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?»

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱም ልክ ቆጥረዋል። የሄዳችሁት መንገድ አንድ ነው፤ እርምጃችሁ ግን አንድ አይደለም።

መጀመሪያ ኪሎ ሜትሩን እናግኝ። ሜትር ወይም የተለካ ገመድ ፈልጊና መንገድ ላይ 100 ሜትር ለክተሽ ምልክት አድርጊ። እንደ ወትሮሽ እየሄድሽ እርምጃሽን ቁጠሪ። ተማሪዎቼን ሜዳ አውጥቼ ይህን ሳስቆጥራቸው ወንበር ላይ ያልገባቸው ነገር እግራቸው ላይ ሲገባቸው አይ ነበር። 160 እርምጃ ሆነ እንበል። 100 ሜትር ለ160 ሲካፈል አንዱ እርምጃሽ 62.5 ሳንቲ ሜትር ነው። 10,000 ስትሄጂ 6,250 ሜትር፣ ስድስት ኪሎ ሜትር ከሩብ።

ልጅሽም ያንኑ 6,250 ሜትር ነው የሄደው። በ12,500 እርምጃ። አንዱ እርምጃው 50 ሳንቲ ሜትር ነው ማለት ነው።

አሁን ሁለቱን ንጥጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጫቸው። የእርምጃችሁ ርዝመት 62.5 ለ50፣ ሲቀል 5 ለ4። የእርምጃችሁ ብዛት 10,000 ለ12,500፣ ሲቀል 4 ለ5። ተገለበጠ! እዚህ ላይ አንዱ ሲረዝም ሌላው ያንሳል። መግቢያዬ ላይ ያነሳኋትን ጥያቄ የምትጠይቂው ለዚህ ነው። እርምጃ እጥፍ ቢረዝም ብዛቱ እጥፍ ይሆናል? አይሆንም፤ በግማሽ ይቀንሳል። ይህን ሳያዩ በመስቀለኛ ያባዙ ሰዎች ልጅየው 8,000 ብቻ ተራመደ ይሉሻል። ሳይቀየር የሚቀረው የርዝመቱና የብዛቱ ብዜት ነው፤ መንገዱ ማለት ነው።

በዚያውም ስለ 10,000 ልንገርሽ። ቁጥሩ ከሐኪሞች ጥናት የመጣ አይደለም። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ ማራቶንን ካሸነፈ በኋላ በነበረው ዓመት ጃፓን ውስጥ ለገበያ የወጣ የእርምጃ መቁጠሪያ ይህን ቁጥር ስሙ አድርጎት ነው የተሰራጨው። ስለዚህ አንድ ቀን 7,000 ላይ ቢቀር ቀኑ ባከነ አትበዪ። ሐኪምሽ ያለሽን ደቂቃ ያዢ። ልጅሽም ካንቺ ሩብ እጥፍ በላይ እየረገጠ ነውና ሲደክመው አትቆጪው።

ጥያቄ፦ «ባቲ ውስጥ የሰፈር እግር ኳስ ቡድን አሠለጥናለሁ። ልምምዳችን 60 ደቂቃ ነው። ማሟሟቂያ 10፣ ዋናው ልምምድ 40፣ ማፍታቻ 10። ረመዳን ሲገባ ማታ የምናገኘው 30 ደቂቃ ብቻ ነው። እንዴት ልክፈለው? ደግሞ ለ12 ልጆች አንድ ኪሎ ተኩል በሶ በ6 ሊትር ውሃ እንበጠብጣለን። ልጆቹ 20 ሲሆኑስ?»

መልስ፦ በሶው ቀላል ነው። 1,500 ግራም ለ12፣ ለአንድ ልጅ 125 ግራም። ለ20 ልጅ 2,500 ግራም፣ ሁለት ኪሎ ተኩል። ውሃው ለአንድ ግማሽ ሊትር ነው፤ ለ20 ልጅ 10 ሊትር። ሁለቱን አብረህ ካሳደግህ አይወፍርም፣ አይቀጥንም።

የልምምዱ ነገር ግን እንደ በሶው አይደለም። 10፣ 40፣ 10 ሲቀል 1 ለ4 ለ1 ነው። ድርሻው 6፣ 30 ለ6 ሲካፈል 5። ስለዚህ 5፣ 20፣ 5 ብለህ ትከፍለዋለህ። ሒሳቡ ይህ ነው። እኔ ግን እንዲህ አታድርግ እላለሁ። የበሶ ጣዕም ንጥጥሩን ይከተላል። የልጅ ጡንቻ ግን ጊዜ ስላጠረ ቶሎ አይሞቅም። ሰውነት ለመሞቅ 10 ደቂቃ ከፈለገ፣ ልምምዱ ሰዓትም ሆነ ግማሽ ሰዓት 10 ደቂቃው ያው ነው። 10፣ 15፣ 5 አድርገው። ጊዜ ሲያጥር ይበልጡ የሚቆረጠው ከዋናው ልምምድ ላይ ይሁን። ከኢፍጣርም በኋላ ምግቡ ረጋ እስኪል ታገሣቸው።

ጥያቄ፦ «ወረኢሉ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። በሳምንት 150 ደቂቃ ስፖርት ያስፈልጋል ሲባል ሰምቻለሁ። እኔ 30 ደቂቃ እሮጣለሁ፣ 60 ደቂቃ ፈጠን ብዬ እራመዳለሁ። 90 ነኝ። 60 ይቀረኛል ማለት ነው?»

መልስ፦ የሚቀርህ ከዚያ ያነሰ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ወይም 75 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ ይመክራል። ማቀላቀልም ይቻላል። 150 ለ75፣ 2 ለ1 ነው። የሩጫ አንድ ደቂቃ እንደ እርምጃ ሁለት ደቂቃ ይቆጠራል። 30 ጊዜ 2፣ 60፤ እሱ ላይ የእርምጃው 60 ሲጨመር 120። የሚቀርህ 30 ደቂቃ እርምጃ ወይም 15 ደቂቃ ሩጫ ነው። አንተ ሁለት የተለያየ ነገር ሳትመነዝር ደመርካቸው። ወረኢሉ ላይ ዳገት እየወጣህ ትንፋሽህ ቁርጥ ቁርጥ የሚል ከሆነ ያም ከጠንካራው ይቆጠርልሃል።

ጥያቄ፦ «የላሊበላ ሰው ነኝ፣ ዕድሜዬ 55። አሸተን ማርያምን ለመሳለም ስወጣ ቆም ብዬ የልብ ምቴን በ15 ሰከንድ 31 ቆጠርኩ። ይህ በዝቷል? ሙሉ ደቂቃ ብቆጥርስ አይሻልም?»

መልስ፦ ጋሼ፣ 15 ሰከንድ ከደቂቃ አንድ አራተኛ ነው። 31 ጊዜ 4፣ በደቂቃ 124። ከፍተኛው የልብ ምት በግርድፉ የሚገመተው 220 ላይ ዕድሜን በመቀነስ ነው። የእርስዎ 165 ይሆናል። 124 ከ165 ወደ 75 በመቶ ነው። ለመካከለኛ እንቅስቃሴ በተለምዶ የሚባለው ከ50 እስከ 70 በመቶ ነው፤ ለእርስዎ ከ83 እስከ 115 ገደማ። ስለዚህ ከመካከለኛው ትንሽ አለፍ ብለዋል። ለአሸተን ዳገት የሚያስደንቅ አይደለም።

ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ግን አይሻልም። ሲቆሙ ልብ ወዲያው መርጋት ይጀምራል። ደቂቃው ሲያልቅ የሚያገኙት ቁጥር የወጡበት ሳይሆን ያረፉበት ነው። የ15 ሰከንዱም ጣጣ አለው። አንድ ምት ቢስቱ በ4 ተባዝቶ 4 ይሆናል። ስለዚህ 124ን እንደ ቁርጥ አይያዙት፤ ከ120 እስከ 128 ባለው ውስጥ ነው ይበሉ።

የደም ግፊት ወይም የልብ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ይህን ስሌት ይተዉት። አንዳንዱ መድኃኒት ምቱን ራሱ ስለሚቀንሰው 220 የሚለው ግምት ለእርስዎ አይሠራም፤ ሐኪምዎ ቁጥሩን ይንገሩዎት። ደረትዎን ከወጋዎት ወይም ካዞረዎት ምቱን መቁጠሩን ትተው ይቀመጡ፣ አብሮዎት ያለውንም ሰው ይጥሩ። ከዚያ ውጪ ግን አብሮዎት ከሚወጣው ሰው ጋር እየተጨዋወቱ መውጣት ከቻሉ ልኩ ላይ ነዎት። ቃል ማውጣት ሲያቅትዎ ጥላ ፈልገው ይረፉና፣ ለ15 ሰከንድ እንደገና ቆጥረው ከ29 በታች ሲሆን ይቀጥሉ።